የዓሣ ቤቱ ግድግዳ

ጥር 23፣ 2017፤ ቆቃ

ዓርብ። ቀኑን ሙሉ አቧራ። ግድግዳው ስድስት ሜትር በሁለት ተኩል። በስተቀኝ ኖራው ተልጧል፤ ከቀለም በፊት ስቱኮ ይፈልጋል።

የዓሣ ቤቱ ባለቤት እትዬ የሚፈልጉትን ቆጠሩልኝ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ በያይነቱ፣ ቡና፣ ጁስ፣ ስልክ ቁጥር፣ «መኪና ማቆሚያ አለ»፣ ጉማሬ።

ጉማሬው ለምን?

«ቆቃ መሆኑ እንዲታወቅ ነዋ!»

ከጾም በፊት ይለቅ ብለዋል። የካቲት 17 ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ግድግዳ ላይ አይፈታም። ገበያው ግን ያኔ ነው።

ቀብድ ተቀበልኩ። ዝርዝሩን ኪሴ ከተትኩት።

ጥር 25

እሑድ። ሥራ የለም። ከመንገዱ ማዶ ተቀምጬ ግድግዳውን አየሁት። ባዶውን ያምራል። ይህን ለእትዬ መናገር አይቻልም።

ሒሳብ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጽሑፉ ከመቶ ሜትር ላይ መታየት ቢጀምር አራት ሰከንድ ተኩል። ከዚያ አልፏል። በዚህች ጊዜ ዘጠኙንም ላንብብ የሚል ሾፌር ዓሣውን ሳይቀምስ ቦይ ይገባል።

ግን ሁሉም በ80 አይሄድም። ባጃጅ አለ። ሲኖትራክ ጭነቱን ይዞ ይንፏቀቃል። እግረኛ አለ። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የሚቸኩለው በዚያ በኩል ያልፋል ይላሉ እትዬ። እውነት ከሆነ የእኔ ሒሳብ ለቀረው ሰው አይሠራም። ለማን እንደምሥል ገና አልያዝኩትም።

ጥር 28

የክረምት ኮርሱን ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። አስተማሪያችን የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነበሩ፤ ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 የከፈቱት። የዲዛይን መርሆች በቁጥር፣ በቀይ እስክሪብቶ። ሚዛን። ምት። ንጽጽር። ትኩረት። ምጣኔ። ኅብረት።

ከትኩረት ጎን በእርሳስ፣ «ሌላውን ዝም ማሰኘት»። እሳቸው ያሉት ይሁን እኔ የጨመርኩት አላስታውስም።

ሁሉም ልክ ነው። ደብተሩ ውስጥ ግን ደንበኛ የለም።

ማታ መብራት ሄደ። ግድቡ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ።

ጥር 30

ፊደል። ከላይ ኦሮምኛው፣ ከሥር አማርኛው። «ቁርጡሚ» በላቲን ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ነው። «ዓሣ» ሁለት። በአንድ ቁመት ብጽፋቸው የላይኛው ከጫፍ ጫፍ ይደርሳል፣ የታችኛው ጥግ ይዞ ይቀራል። በወርድ ላስተካክላቸው ብል «ዓሣ» የበሩን ቁመት ያክላል።

ካርቶን ቆርጬ በፕላስተር እየለጠፍኩ አዘዋወርኳቸው። የሚያግዘኝ ልጅ ማዶ ቆሞ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ወደ ግራ! ትንሽ ዝቅ!» ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ማንም አላስተማረውም።

በመጨረሻ ሁለቱ ፊደል በስተቀኝ፣ ወፍራም። በስተግራ የዓሣው ሥዕል። ሥዕሉና ፊደሉ አንድ ላይ ሆነው ነው የላይኛውን መስመር የሚሸከሙት። ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ ግን አያዘምም።

ሌላ ነገር። የዓ ክብ ከላይ ስለሆነ ከሥሯ ባዶ ይቀራል። በሜትር ለክቼ የተውኩት ክፍተት ለዓይን ሰፋ። ሣን ሁለት ጣት ገፋኋት። ሜትሩ ተሳሳተ፣ ቃሉ ተያያዘ።

የካቲት 1

አዳማ፣ ቀለም ግዢ። ሙቀት። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሁለት ብሩሽ፣ አኳራጅ። የቀለም ቤቱ ሰውዬ ሥራዬን ሲሰማ ሳቀ። «ባነር አታሠራላትም? ዛሬውኑ ይደርሳል።» እውነቱን ነው። ይደርሳል። በሁለት ክረምት ይነጣል ልለው ፈለግሁ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ተውኩት።

እትዬ የፈለጉት ቀይ በአረንጓዴ ላይ ነው። ሁለቱንም ካርቶን ላይ ቀብቼ በስልክ በጥቁርና ነጭ አነሣሁት። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ግራጫ። ፊደሉ የለም። ቢጫውን በደማቁ ሰማያዊ ላይ አነሣሁ። ቁልጭ።

ፎቶውን አሳየኋቸው። «እኔ በጥቁርና ነጭ አላይም» አሉ። ግን ተስማሙ።

የካቲት 3

የመጀመሪያው እጅ ሰማያዊ አለቀ። ጠዋት ጥልቅ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታው ውሃ የገባበት ወተት መሰለ። ዘይት ቀለም ያንጸባርቃል።

በ1953 የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን የአፈወርቅ ተክሌን መስታወቶች አሰብኩ። ሦስት መስኮት፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል፣ ያለፈው፣ የአሁኑና የሚመጣው አፍሪካ። እዚያ ፀሐይ ከኋላ ትመጣና ቀለሙን ታበራዋለች። እዚህ ከፊት ትመጣና ታጠፋዋለች። ያው ፀሐይ ናት።

ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። ወይም አንጸባራቂ ያልሆነ ቀለም። የቀረው ብር ለሁለቱም አይበቃም።

የካቲት 5

ዓሣው። አምባዛ ልሣል ወይስ ቆሮሶ? አምባዛ ጢም አለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ቅርፊት የለውም። ከሩቅ እባብ ሊመስል ይችላል። ቆሮሶ ወሰንኩ። ከአጥማጆቹ አንድ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ቁመቱ ከርዝመቱ ግማሽ ትንሽ ያንሳል። የጀርባው ክንፍ ከትከሻው አንሥቶ እስከ ጭራው አጠገብ ይደርሳል፣ ፊተኛው ክፍል እሾህ እሾህ ነው። አፉ ትንሽ። እኔ ሁልጊዜ አፉን አሰፋ ነበር፤ ልጅ ሆነን ስንሥል እንደለመድነው።

አንድ ሽማግሌ ቆመው ረቂቁን አዩና «ለምን በአንድ ዓይን?» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ይዞ ፊት ለፊት ነው የሚታየው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ዓሣ ፊት ለፊት ቢሣል ምን እንደሚመስል አስረዳኋቸው። አልረኩም። «ቢሆንም» ብለው ሄዱ።

ማታ ለመሞከር ያህል ፊት ለፊት ሣልኩት። ልጁ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ከሣልኩት ሁሉ ፎቶ ያነሣው እሱን ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆነ እንጃ።

ዓሣውን ጠብሰን በላነው።

የካቲት 8

ትናንት ማታ መሬቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከጥር ጀምሮ ሰው ለምዶታል ቢባልም ይህኛው ጠንከር ያለ ነበር። ሁሉም ውጭ ወጣ። ብርድ ልብስ፣ ሕፃናት፣ ሬዲዮ። ፈንታሌ በኩል ነው አሉ።

ጠዋት መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን። ስቱኮ ያደረግሁበት ቦታ ላይ የፀጉር ውፍረት ያለው ስንጥቅ። ቱንቢ አወረድኩ። ቤቱ አልተነቃነቀም። የእኔ መስመርም ቀጥ እንዳለ ነው።

ቤቱ ግን ድሮም ትንሽ ያዘመመ ነበር። መስመሬን ከቱንቢው ጋር ካደረግሁ ከጣሪያው ክፈፍ ጋር ይጣላል። ከክፈፉ ጋር ካደረግሁ ከመሬቱ ጋር። ክፈፉን መረጥኩ፤ ሰው ጽሑፍን ከአጠገቡ ካለው ነገር ጋር ነው የሚያስተያየው።

የካቲት 10

ለቅሶ፣ አርሲ ነገሌ። ከዝዋይ ወዲያ በመንገዱ ዳር ያሉት ቀለም የተቀቡ መቃብሮች። ስንት ጊዜ አልፌያቸዋለሁ፤ ዛሬ ሚኒባሱ ጎማ ሊቀይር ቆሞ አንዱ አጠገብ ወረድኩ።

ሟቹ በፈረስ ላይ። ጦር ይዟል። ፈረሱ ከእሱ አንጻር ትንሽ ነው፣ እግሮቹ አጫጭር። ላሟ ከፈረሱም ታንሳለች። በደብተሬ ሒሳብ ምጣኔው ሁሉ ልክ አይደለም። ግን ማን እንደሞተ፣ ምን እንደነበረው፣ ምን እንደሚወድ ከመንገዱ ላይ ሆነህ ታነባለህ። ሰውየው ትልቅ የሆነው ትልቅ ስለሆነ ነው። በገድል ሥዕሎችም ንጉሡ ከአሽከሩ ይበልጣል፤ ማንም አይከራከርም።

ሠዓሊው ስሙን አልጻፈም። ምናልባት እሱም በቀብድ የሚሠራ ነው።

የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን ነው። እኛ ግን ሥራ ላይ ነን፣ ቀን ስለሌለ።

ፊደሉና ዓሣው አለቁ። በስተቀኝ ከታች አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሰማያዊ ብቻ። ባዶ። እትዬ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ይሄስ?»

«ባዶ ነው።»

«ለምን? የከፈልኩት ለሙሉው ግድግዳ ነው።»

ዓሣው የሚታየው በዚህ ባዶ ምክንያት ነው አልኳቸው። የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን የገበያ ሴቶች ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ፣ ዙሪያቸው ባዶ ሆኖ ጉሊት የምትቸረችር ሴት እንዴት ግርማ እንደምታገኝ። እትዬ እሳቸውም በጉሊት ነው የጀመሩት። «እኛ ዙሪያችን ባዶ ሆኖ አያውቅም» አሉ። መልስ አላገኘሁም።

ተደራደርን። ጉማሬው ቀረ። ጉላሽና ለብለብ ውስጥ ሜኑው ላይ ይጻፋሉ። ስልክ ቁጥሩ ይገባል፣ በትንሹ፣ ከበሩ ጎን፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው ነውና የሚደውለው። ባዶው ለጊዜው ይቆያል። «ለጊዜው» የሚለውን ሁለቴ ደገሙት።

ለዓሣው የተከፈለው በጉማሬው ኪሣራ ነው። በሥዕል ቤት እንዲህ አንናገርም፤ ግን እንዲሁ ነው።

የካቲት 14

በግርጌ በኩል ጥለት። እትዬ ከነጠላቸው ላይ አሳዩኝ። ሦስት ማዕዘን፣ መስቀለኛ፣ ሦስት ማዕዘን። ስቴንስል ቆርጬ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄደ ሰለቸኝ። እኔ ሠዓሊው ከሰለቸሁ የሚያየው ምን ይሁን?

ውሃ ልጠጣ ስወጣ የአበባ እርሻዎቹ የፕላስቲክ ጣሪያዎች። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ማለቂያ የለውም። ዓይኔ አልቆመባቸውም፤ ተንሸራቶ ሐይቁ ላይ ወደቀ። ከዚያ እንቦጩ፣ አረንጓዴው ላይ ጥቂት ሐምራዊ አበባ። እዚያ ቆመ።

የጎንደሯን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ አስብ ነበር። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት በረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም ዓይን ብቻ። እዚያ ድግግሞሹ አይሰለችም። ፊት ስለሆነ ነው? በእጅ ስለተሣለ ነው? ወይስ ቀና ብሎ ማየት አንገት ስለሚያሳምም ቶሎ ስለምንተው?

ስቴንስሉን ትቼ የቀረውን በእጄ ጨረስኩ። በየጥቂቱ አንዱን መስቀለኛ ነጭ አደረግሁ። ደህና ይመስላል። ነገ ሳየው ላይመስል ይችላል።

የካቲት 16

ቅበላ። ቆቃ ሁሉ ሥጋ ቤት ነው። ዓሣ ቤቱ ጭር ብሏል። ሥራው አልቋል፣ የሚያየው የለም። ቀሪ ሒሳቤን ተቀበልኩ።

ከማዶ ሆኜ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየሁት። ቢጫው ይመጣል፣ ከዚያ ዓሣው፣ ከዚያ በሩ። ያሰብኩት በዚያው ቅደም ተከተል ነበር። ከፀሐይዋ በስተቀር። ከሰዓት በኋላ ያለው ንጣት አሁንም አለ።

የካቲት 21

ዓርብ። በጾሙ ሳምንት መኪናው ደጅ ላይ ተደርድሯል። በግድግዳው ይሁን በጾሙ መለየት አይቻልም። አንድ የጭነት መኪና ረዳት «ዓሣው ያበጠ ነው» አለ። ሾፌሩ «ወፍራም ነው እንጂ» አለው። ገቡ።

ባዶው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በጠመኔ፣ በእትዬ እጅ ጽሑፍ፣ «ቡና አለ»። ሳይነግሩኝ። ተናድጄ ተሻገርኩና ከማዶ አየሁት። ሚዛኑ አልፈረሰም። እንዲያውም የቀኙ ጎን ተረጋግቷል። ዓይን ግን አሁን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቡናው ነው፤ ጥቁርና ነጭ ከቢጫና ሰማያዊ ይልቅ ይጮኻል።

«እትዬ፣ የሚሸጡት ዓሣ ነው ወይስ ቡና?»

«አሁንማ ዓሣ። ሚያዝያ 12 ፋሲካ ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣውን በዚህ ብዛት ማን ይጠይቀኛል? ሰሌዳው ይነሣል፣ ይሰቀላል። ያንተ ዓሣ ግን ይነሣል?»

አይነሣም። ትኩረቱ ከወር ወር የሚቀያየር ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ ደብተሬ ውስጥ የለም። ሞጆ አንድ ጎማ ቤት ሥራ አለ ብለውኛል። ሰኞ ሄጄ አያለሁ፤ ምን ምን እንደሚሸጡ ብቻ ሳይሆን መቼ መቼ እንደሚሸጡትም እጠይቃለሁ።