ከንፈረ ስስ ስኒዎች

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፤ ድሬስደን

ጠዋቱን ጽቪንገር በሚባለው ቤተ መንግሥት የፖርሴሊን ሙዚየም ውስጥ አሳለፍኩ። የሳክሶኒው ገዥ ብርቱው አውጉስት እ.ኤ.አ. በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ወታደሮች አስረክቦ በምትኩ 151 የፖርሴሊን ዕቃዎች ወስዷል። ሰው በዕቃ ሲለወጥ ማሰብ ይከብዳል። ከእነዚያ ትልልቅ ማሰሮዎች ፊት ብዙ መቆም አልቻልኩም።

ትንንሾቹ ግን ያዙኝ። የማይሰን ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹ የሻይ ስኒዎች ጆሮ የላቸውም። የቻይናውን እያዩ ስለሠሯቸው ቅርጻቸው ቁርጥ የእኛን የቡና ስኒ ነው። ከንፈሩን በሁለት ጣት ይዞ ትኩሱን ፉት ማለት ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቅዳሜ ቅዳሜ ኤልቤ ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ማስቀመጫው የጠፋ፣ የሽንኩርት የሚሉት ሰማያዊ ሥዕል ያለበት ነጠላ ስኒ አገኘሁ። ይህን ሥዕል ብዙ ፋብሪካዎች ስለቀዱት መጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን ማየት ግድ ነው። የማይሰን ምልክት የሆኑት ሁለት የተመሳቀሉ ሰይፎች አሉ፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ጭረት። ጭረቱን ያደረገው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ እንከን ያለበትን ዕቃ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ የሚለይበት ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን የማይነኩ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። እኔ የምገዛው ልጠጣበት ስለሆነ ደስ እያለኝ እወስደዋለሁ። እንከኑን ፈልጌ ፈልጌ ጆሮው ሥር አገኘሁት፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ።

ከዚያ የዘወትር ፍተሻዬን ጀመርኩ። በጥፍር ቀስ አድርገው ሲመቱት ጤነኛ ስኒ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። ጣት በከንፈሩ ዙሪያ ሲሄድ ዓይን ያለፈውን ሽራፊ ያገኛል። በመጨረሻ ወደ ብርሃን አንስቼ መዳፌን ከኋላው አደረግኩ፤ የጣቶቼ ጥላ ወደ ውስጥ አልፎ ታየኝ። ሻጯ ወርቅ ቅብ ከንፈር ያለውን ሌላ ስኒ ደጋግመው አሳዩኝ። ያምራል፤ ግን ወርቁ በየቀኑ እየታጠበ ይለቃል፤ ወርቅ ቅብ ይዞ ሳይጠጡበት መቀመጥ ደግሞ ለእኔ ስኒን ከሥራው መከልከል ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ማይሰን

ወርቅ እሠራለሁ ብሎ በአውጉስት እጅ የታሰረው ወጣት ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገር፣ ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1708 የፖርሴሊንን ምሥጢር ደረሰበት። በ1710 ፋብሪካው ተቋቋመ፤ ኮረብታው ላይ ያለው አልብረሽትስቡርግ ግንብ የመጀመሪያ ቤቱ ሆነ።

ዛሬ ፋብሪካው ታች ሸለቆው ውስጥ ነው። በማሳያው ክፍል አንዲት ሠዓሊ ገና የሚያብረቀርቀው ልባስ ባልነካው ስኒ ላይ ቅጠል ስትሥል ቆሜ አየሁ። የምትሥልበት ኮባልት በዚያ ሰዓት ጠቆር ያለ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው እሳት ሲያገኘው ነው። ስኒው የቀለሙን ውኃ ወዲያው ስለሚመጥ የተሣለው መስመር አይፋቅም። ብሩሿን ከማሳረፏ በፊት ትንፋሿን ስትይዝ አብሬ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ልባስ ተደርጎበት 1,400 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ይጠበሳል። እዚያ ውስጥ አፈሩና ልባሱ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ስኒውም ይኮማተራል። በደንብ የተጠበሰ ስኒ የትናንቱን ሻይ ጠረን ለዛሬው የማያሻግረው ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ በርሊን

ከፋ ውስጥ የበቀለ የዉሽዉሽ ሻይ አፈላሁ። ቅዳሜ የገዛሁትን ስኒ በሙቅ ውኃ አለቅልቄ ቀዳሁበት። በወፍራም ኩባያ ሲጠጡት ጥቁር የሚመስለው ሻይ እዚህ ነጭ ላይ ቀይ ሆኖ ጠርቶ ወጣ። ከንፈሩ ስስ ስለሆነ ሻዩ ምላስ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ምሬቱም ጣፋጭነቱም ይለያል። ስኳር አልጨመርኩም።

ይህ ስኒ ጠበብ ብሎ ረዘም ስለሚል ለጥቁር ሻይ ሙቀት ይይዛል። ለአረንጓዴው ዝቅና ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የሚያበርድ ያስፈልገኛል። ባቫሪያ ውስጥ የሮዘንታል ፖርሴሊን ከተማ ወደሆነችው ዜልብ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ። ማስቀመጫ ኖረውም አልኖረውም፣ ያንን ዝቅ ያለ ስኒ ነው የምፈልገው።