ሲኒ፣ በቁጥር 69.11

«ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ የውጭ ንግድ ታሪክ ነው። ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ፍቺውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። እንግሊዞችም ያንኑ ዕቃ በአገሩ ስም «ቻይና» እያሉ ይጠሩታል። ፍንጃልም ሳህንም ቃላቸው ከዚያው ከዐረብኛ ነው። እንግዲህ የእኛ የምንለው የቡና ሥርዓት ከገዛ ምድራችን በበቀለ ፍሬ ይጀመርና ከንፈራችን ላይ የሚደርሰው የሩቅ አገር ስም በተሸከመ ዕቃ ነው። ዛሬም መርካቶ ወርዶ አንድ ሲኒ ገልብጦ ግርጌውን የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጽሑፍ፣ ቃሉ ጥንት የነገረንን የሚደግም ነው።

እኔ ይህን ዕቃ በሌላ ስም ያወቅሁት በእንጀራዬ ምክንያት ነው። የምሠራው በአንድ ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ውስጥ ነው። አስመጪዎች ፕሮፎርማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ኤልሲ ከመከፈቱ በፊት የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ዋጋና የታሪፍ ቁጥር ተሟልቶ እንደሆነ እናያለን። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲኒ ሲኒ አይባልም፤ 69.11 ይባላል። የፕላስቲክ ሳህን ደግሞ 39.24 ነው። ማታ ማታ ግጥም ለመጻፍ የሚታገል ሰው ቀኑን ሙሉ ዕቃዎችን በቁጥር ሲጠራ መዋሉን ወዳጆቼ እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ ግን የታሪፉን መጽሐፍ ከወደድሁት ቆይቻለሁ።

መጽሐፉ በዓለም ላይ ብዙ አንባቢ ካላቸው፣ ግን ማንም አነበብሁት ብሎ ከማይፎክርባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። መሠረቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ የተፈረመና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ስምምነት ሲሆን፣ ከ200 በላይ አገሮችና የኢኮኖሚ ክልሎች ይገለገሉበታል። እኛም አለንበት። በቁም እንስሳት ይጀምርና በእህል፣ በማዕድን፣ በጨርቅ፣ በብረትና በመኪና በኩል አልፎ በምዕራፍ 97 በሥዕልና በቅርስ ይደመደማል። እንደ ኦሪት ዘፍጥረት አሰላለፍ አለው። ምዕራፍ 77 ባዶ ነው፤ በአሉሚኒየምና በእርሳስ መካከል፣ ወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል ተብሎ ያለ አንዳች ዕቃ ተትቷል። ገና ላልመጣ ነገር ቦታ ጠብቆ የሚኖር መጽሐፍ ሌላ አላውቅም።

ይህ መጽሐፍ ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ጓዳ ቢገባ ምን ያደርግ እንደሆን አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። መሶቡን አንሥቶ ወደ 46.02 ይወስደዋል፣ ከስፌት ጋር። ገበቴውን ከእንጨት ዕቃ ጋር 44.19 ላይ ያኖረዋል። ብርሌው ብርጭቆ ነውና 70.13፣ የቀንዱ ዋንጫ 96.01፣ የቆርቆሮው ሳህን ቀለም ቢቀባም ባይቀባም ከብረቱ ጋር 73.23። ጀበናው 69.12። አንዲት እናት በአንድ መደርደሪያ ላይ አስማምታ ያኖረቻቸው ዕቃዎች ዳግም ላይገናኙ ይበታተናሉ። እኛ ዕቃን የምንጠራው በሚሠራልን ሥራ ነው፤ መጽሐፉ በአብዛኛው የሚጠይቀው ከምን እንደ ተሠራ ነው። በዚህ ላይ አማርኛችን የራሱን ወጥመድ ይጨምርበታል። «ሸክላ» ስንል ጀበናም ነው፣ የጥላሁን ዘፈን የታተመበት ክብ ነገርም ነው። መጽሐፉ ሁለተኛውን 85.23 ብሎ ከድምፅ መቅጃ ዕቃዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ቅኔ የሚወድ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከምለት ይደሰታል፤ ጉምሩክ ግን ኅብረ ቃልን አይታገሥም፤ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ፣ አንድ ብቻ ቤት ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ ዕቃው ራሱ ቅኔ ሲሆንስ? ስድስት ሲኒዎች ከቀርከሃ ረከቦት ጋር በአንድ ካርቶን ታሽገው ለችርቻሮ ቢመጡ፣ ሴራሚክ ናቸው ወይስ ቀርከሃ? ለዚህ ስድስት የአተረጓጎም ደንቦች አሉ። ሦስተኛው በመጀመሪያ ይበልጥ በቀጥታ የሚገልጸውን ስም ፈልግ ይላል። ካልተገኘ፣ ለጥቅሉ ዋነኛ ባሕርዩን የሰጠው የትኛው እንደሆነ መርምር ይላል፤ በእኛ አነጋገር የነገሩ ነፍስ የቱ ላይ እንዳለች ማለት ነው። ያም ካልተቻለ፣ እኩል ከሚያከራክሩት ቁጥሮች የመጨረሻውን ውሰድ ብሎ ይገላገላል። ስለ ነፍስ ሲመራመር ቆይቶ ሲደክመው በተራ ቁጥር የሚፈርድ ሕግ! እኔ በዚህ ደንብ መሣቅም መገረምም እወዳለሁ። ሌላም አለ፦ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ሲኒ ከምዕራፉ ወጥቶ 97.06 ይገባል። መቶ ዓመት ሙሉ ሳይሰበር የኖረ ሲኒ ሲኒነቱ ይቀርና ቅርስ ይሆናል ማለት ነው።

በ69.11 እና በ69.12 መካከል ያለው ድንበር የቀጭን ነገር ነው። የመጀመሪያው ለፖርሴሊን፣ ሁለተኛው ከፖርሴሊን ውጭ ላለው ሴራሚክ ሁሉ ነው። ፖርሴሊን ወይም ቻይና የሚባለው ገላው እንደ መስታወት የጠነከረ፣ እጅግ ካልወፈረ በቀር ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲመቱትም የሚያስተጋባ ነው። የእኛ ጀበና ውኃ የሚመጥ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ነውና ከዚህ ማዕረግ አይደርስም። ሁለቱም ግን አንድ ግዴታ አለባቸው፤ ቅርጽ ከያዙ በኋላ በእሳት መተኮስ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የመጽሐፉ እትም ይህን ሲያጠብቀው፣ ሙጫ ለማድረቅና ለመሳሰለው ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሞቀ ነገር እንደ ተተኮሰ አይቈጠርም አለ። ከዚያ እሳት በታች ያለው ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ሸክላ አይደለም።

ይህን ክርክር በአካል ያየሁት አንድ የሸቀጥ አስመጪ ሽማግሌ ወደ መስኮቴ በመጡ ጊዜ ነው። ያስመጡት ሳህን ደረቅ ወደብ ላይ ቆሟል። የሻጩ ፕሮፎርማ፣ የእኛም ኤልሲ፣ የጭነቱም ሰነድ «ሴራሚክ» ይላሉ፤ ፈታሹ ደግሞ ካርቶኑን ከፍቶ «ይህ ፕላስቲክ ነው» ብሏል። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቈጥራል። ሽማግሌው ከፌስታል ውስጥ አንድ ሳህን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ነጭ ነው፣ ዙሪያው ሰማያዊ አበባ አለው፣ ለዓይን ያምራል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ይህ ሳህን ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ሰነዱ ሴራሚክ ይላል።»

«ሰነዱን ተወው። ሳህኑን ጠይቀው።»

ይህን ብለው በጣታቸው ቀለበት መቱት። ድምፁ እንጨት የተመታ ያህል ድፍን ነበር። ሜላሚን ነው፤ በገበያችን «የማይሰበረው» የሚባለው። ሸክላ መስሎ የተሠራ ሙጫ፣ ስለዚህም 39.24። ሽማግሌው ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ የፈለጉት ባንኩ ያንን በጽሑፍ እንዲናገርላቸው ነበር። ባንክ ግን ሳህን መምታት አይችልም። የሰነድ ብድርን የሚገዛውና ከጁላይ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ በአምስተኛው አንቀጹ፣ ባንኮች የሚገናኙት ከሰነዶች እንጂ ሰነዶቹ ከሚመለከቷቸው ዕቃዎች ጋር እንዳልሆነ ይደነግጋል። ደንቡ ትክክል ነው፤ ያለ እርሱ አንድም ባንክ አያድርም። ቢሆንም በሁለታችን መካከል ተኝቶ የነበረውን ሳህን እያየሁ ሰነዱን ብቻ የማየት ግዴታዬን ሳስረዳቸው አፌ ሬት ሬት አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ የማስተካከያ ሰነዱ መጥቶ ዕቃው ሲለቀቅ፣ ኪሳራውን ጠየቅኋቸው። «እኔ መቼ እከፍላለሁ» አሉኝ፣ «የሚከፍለው ሰው ሌላ ነው።»

የሚከፍለውን ሰው ለማግኘት ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመድንና የማጓጓዣ ወጪ ተጨምሮበት ነው። ይህ ድምር 100 ብር ነው እንበል፤ ዕቃውም ለረጅም ዓመታት ከፍተኛ በነበረው የ35 በመቶ እርከን ላይ ወደቀ እንበል። 135 ብር ሆነ። በዚህ በ135ቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል፤ 155 ብር ከ25። ከዚያም በ1999 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ ይጫናል። 170 ብር ከ78 ሳንቲም። ልብ ይሏል፣ ግብሩ በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን በግብሩም ላይ ይቀመጣል። ሌሎች ተቀጽላ ክፍያዎችን፣ የነጋዴውን ትርፍና በመንገድ የሚሰበረውን ገና አልነካንም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ታሪፍ ለቤት የሚሆን የፖርሴሊን ገበታ ዕቃ ሲመድብ ራሱ ገበታ ይዘረጋል። አንድ ሙሉ ስብስብ ስንት ያወጣል የሚለውን ለማስላት በሕጉ ውስጥ የተዘረዘሩት ዕቃዎች እነሆ፦ ለ26.7 ሴንቲ ሜትር የሚቀርቡ 12 ሳህኖች፣ ለ15.3 የሚቀርቡ 12 ሳህኖች፣ 12 የሻይ ኩባያዎች ከነማስቀመጫቸው፣ 12 የሾርባ፣ 12 የፍራፍሬ፣ አንድ ትልቅ ማቅረቢያ፣ አንድ የአትክልት ጎድጓዳ፣ አንድ የስኳር፣ አንድ የወተት። ሲነበብ የሠርግ ግጥም ይመስላል። ስብስቡ ከ200 ዶላር በላይ የሚያወጣ ከሆነ መደበኛው ቀረጥ 6 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ 26 በመቶ። በተሳሳተ ፊደል የታተመ እንዳይመስልዎ፤ ውዱ ሳህን 6፣ ርካሹ 26። ውዱን የሚገዛውም ርካሹን የሚገዛውም በአንድ ሕግ ፊት ቆመው፣ እጁ ያጠረው በመቶኛ ከአራት እጥፍ በላይ ይከፍላል። ምክንያቱ የአገር ውስጥ አምራችን ከርካሽ ዕቃ መከላከል ነው ይባላል፤ ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው የተከላካዩን ዋጋ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንዳንዴ ነገሩ ከመቶኛ ያልፋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባዘዘ ጊዜ፣ በክፍላችን ዋናው ንባብ የዕቃ ዝርዝር ሆነ። አንድ ዕቃ ወደ አገር መግባት አለመግባቱ የሚወሰነው በምን ስም በመጠራቱ ነበር። ነጋዴዎች ለዕቃቸው አዲስ ስም ሲፈልጉ እንደ እኔ ሌሊት ቤት መምቻ ፍለጋ የሚያድሩ ገጣሚዎችን ይመስሉኝ ነበር። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አብሮ ተነሣ፤ ብሩም ያን ጊዜ በአንድ ቀን ረከሰ። በቀረጥ ስሌት መነሻ ላይ ያለው 100 ብር ራሱ በዶላር የሚመጣ ነውና፣ መቶኛው ባይነካም የሲኒው ዋጋ ሊወጣ ግድ ሆነ።

ከባንካችን ጀርባ በጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እህት አለች። ረከቦቷ ላይ ስድስት ሲኒ ስትደረድር፣ ከሥሩ ባለው ባልዲ ውስጥ ሌሎች ስድስት በውኃ ታኖራለች። ቢያንስ እንደዚያ ነበር። አሁን የሰበሩባት ሰዎች ተሳክቶላቸው ዘጠኝ ቀርተዋታል። ሲኒ ስትገዛ እያንዳንዱን ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ በጥፍሯ ትመታለች፤ የጠራ ድምፅ ካልሰጣት ትመልሳለች። ስለ ፖርሴሊን የተጻፈውን ፍቺ ለነገር ስነግራት «ታዲያ ይህንን ለማወቅ መጽሐፍ ያስፈልጋል?» አለችኝ።

ለምን የማይሰበረውን እንደማትገዛ ጠየቅኋት።

«በፕላስቲክ ቡና? ሰው ይቀመጥልኛል ብለህ ነው? ይልቅ አንተ እዚያ የምትሠራው፣ ሲኒ ይረክሳል ወይስ አይረክስም?»

መጽሐፉን አይቼ እነግርሻለሁ አልኋት። ቀድታ ሰጠችኝ፣ «እስከዚያው ቀስ ብለህ ያዘው፣ ወንድሜ» አለች።