ፊርማው የምን ነበር?



ከጅማና ከኢሉባቦር ገጠር የመጣን ተማሪዎች የድንጋይ ከሰልን በወሬ አይደለም የምናውቀው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ያስገቡት የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት ቁፋሮው እየሰፋ ነው። ሥራውም ምንዛሪውም ያስፈልጋል፤ አንቃወምም። የሚያሳስበን ወንዙ ነው።

መድረሳ ስለ ጠሃራ ስንቀራ ውሃን በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው መለየት ተማርን። ኢንጂነሪንግ የማይታየውን ጨመረልን፦ በከሰሉ ውስጥ ያለው ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ከዓለቱ ብረትና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ይወርዳል። ቁፋሮው ከቆመ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ጥየቃ በሄድንበት "የማኅበረሰብ ምክክር" ተጠራ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ሰሚው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ። ውሃ የሚቀዱት እናቶቻችን ከኋላ ተቀምጠው ሳይጠየቁ ወጡ። ለውሎ አበል የተፈረመው የስም ዝርዝር (አበሉም ያን ያህል አልነበረም) የስምምነት ማስረጃ ተባለ።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 15 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን፣ በተለይ ፕሮጀክቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት በሪፖርቱ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ሹራም ቢሆን ከውሳኔ በፊት እንጂ ከውሳኔ በኋላ አይደለም።

ለቀጣዩ ስብሰባ ጥያቄዎቻችንን ጽፈናል። ቁፋሮው ሳይሰፋ የወንዙ ፒኤች ስንት ነበር? ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ የት ይጣራል? ማዕድኑ ሲዘጋስ ማን ይለካል? ሪፖርቱን አሳጥረን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ እንገናኛለን። የሕግ ተማሪዎች፣ በተለይ እህቶች፣ አትቅሩብን።