በብስክሌት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር፦ መንገዱን እንዴት እንምረጥ?



ወጣቶች ተሰባስበው አገራቸውን በብስክሌት ለማየት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ ካርታ ዘርግተው አጭሩን መስመር ይፈልጋሉ። ወላጆች ደግሞ «በዚያ ሁሉ መኪና መሐል ልጆቻችን ምን ይሆኑ ይሆን?» ብለው ይጨነቃሉ። ሁለቱንም ወገኖች የሚያስማማው መንገዱን አስቀድሞ በሚገባ ማጥናት ነው። ለአብነት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለውን 525 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ እንመልከት።

ካርታ ርቀትን እንጂ ዳገትን አይናገርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የመጀመሪያው 225 ኪሎ ሜትር በአመዛኙ ቁልቁለት ስለሆነ ጀማሪ ጉልበቱን ሳይቆጥብ ይጋልባል። ከአዋሽ ወዲያ ግን መንገዱ ወደ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ማቅናት ይጀምራል፤ ቁልቢ ሲደርስም ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዋናው ፈተና ያለው በጉዞው ሁለተኛ አጋማሽ ነውና ዕለታዊ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዳገቱም ሊለካ ይገባል።

የመጀመሪያው ምርጫ እስከ አዳማ ድረስ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም። ስለዚህ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈውን ነባሩን መንገድ መያዝ ግድ ይሆናል። ከሱብሕ ሶላት በኋላ ብርሃን እንደታየ መነሳት፣ በአንድ ረድፍ መጓዝና ከሩቅ የሚታይ ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። ከሞጆ ወዲያ የጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ስለሚበዙ ጥንቃቄው ይበልጥ መጠናከር አለበት።

ሁለተኛው መተሐራና አዋሽ አካባቢ ነው። የበሰቃ ሐይቅ፣ የፈንታሌ ተራራና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ዓይን የሚስቡ ናቸው። ሙቀቱ ግን ለቸልተኛ አይመለስም። እዚህ ላይ ከማለዳ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተጉዞ ጥላ ሥር ማረፍ፣ ዙህርን ሰግዶ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ጥቂት መቀጠልና ከመጨለሙ በፊት ከተማ መግባት ይበጃል። ውሃ በየከተማው መሙላት እንጂ «ወደፊት እናገኛለን» ብሎ መሄድ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በዚሁ አካባቢ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። እንግዲህ የመንገዱንም ሆነ የጸጥታውን ሁኔታ ከነዋሪዎችና ከሾፌሮች መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይቀድማል።

ሦስተኛው ምርጫ ደንገጎ ላይ ይመጣል። አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ሌላው በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ያደርሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል፤ የወረደም መልሶ ይወጣዋል። የደከመ ሰው በቀጥታ ወደ ሐረር ቢያመራ ይሻለዋል።

ጉዞውን በ8 ቀን መክፈልና ጁሙዓን አሰበ ተፈሪ ላይ አርፎ መስገድ ለአካልም ለቀልብም ይመቻል። መንገደኛ ባለአራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር ተፈቅዶለታልና ሶላት ለጉዞ ሸክም አይሆንም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት የተሻለ ነው።

መድረሻዋ ሐረር አምስት በሮች ባሉት ጁገል የታጠረች፣ 82 መስጂዶችን ያቀፈችና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። እስዋን ማየት ድካምን ያስረሳል። ሆኖም አንዱ የመንገዱ ክፍል አስጊ መሆኑ ከተነገረ፣ ያንን ክፍል በአውቶቡስ ማለፍ ወይም ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ሽንፈት አይደለም።

ወጣቶች ሆይ! ከመነሳታችሁ በፊት የየዕለቱን ማደሪያ በወረቀት ጽፋችሁ ለወላጆቻችሁ ስጡ፤ ማታ ማታም ደውሉላቸው። ወላጆችም በጥያቄያችሁ አግዙ እንጂ በሩን አትዝጉ። አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።