ሲሮጡ የታጠቁት

«ምነው ከሳህ?» በእኛ አገር የስጋት ጥያቄ ነበር። ሰው የሚከሳው ሲታመም፣ ሲያዝን ወይም ሲቸግረው ነው ብለን ስለምናምን፣ ጠያቂው «ምን ነካህ?» ማለቱ ነው። «ወፈርክ» ደግሞ «ተመችቶሃል» ማለት ነበር። ዛሬ ይህ ቢያንስ በከተማ ተገልብጧል። «ከሳህ» ሲሉት ፊቱ የሚበራ፣ «ወፈርሽ» ሲሏት የምትከፋ ሰው በየቤታችን አለ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ስኳርና ደም ግፊት በየቤቱ በገባበት ዘመን ስለ ክብደት ማሰብ ክፉ አይደለም። ቅሬታዬ አብሮት በገባው ሌላ እምነት ላይ ነው፤ ወፍራም ሰው ሰነፍ ነው፣ በደንብ ከተጮኸበትና ካፈረ ይከሳል በሚለው።

ጉዳዩን የማነሣው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው የፕሮዳክሽን ሰው ደወለልኝ። ሃሳቡ አጭር ነው፦ አሥር ወፍራም ሰዎች፣ አንድ ግቢ፣ ሦስት ወር፣ በየሳምንቱ ሚዛን፤ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ያሸንፋል። ከእኔ የሚፈለገው ፕሮፖዛሉንና የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ስክሪፕት መጻፍ ነበር። ቋሚ ደመወዝ የሌለው ጋዜጠኛ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልለት መጀመሪያ የሚያስበው የቤት ኪራዩን ነው። እኔም አሰብኩ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ሃሳቡ የተቀዳበትን የአሜሪካ ፕሮግራም፣ በተለይም ተወዳዳሪዎቹ ኋላ ምን እንደሆኑ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮግራሙ «ዘ ቢገስት ሉዘር» ይባላል። በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ ኦክቶበር 2004 ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ 17 ዙር ታይቷል፤ በ2020 ደግሞ በሌላ ጣቢያ ለአንድ ዙር ተመልሶ ነበር። ስሙ ራሱ ቀልድ አለበት። «ሉዘር» በእንግሊዝኛ «የቀነሰ» ማለትም «ተሸናፊ» ማለትም ይሆናል፤ የማይረባ ሰው መስደቢያም ነው። የዐረቡ ዓለም የራሱን ቅጂ ሲሠራ ስሙን ገልብጦ «ትልቁ አሸናፊ» አለው። የአሜሪካኖቹ አዘጋጆች ግን ስድቡን ሽልማቱ ላይ ለጥፈው ነው የሸጡት።

አካሄዱን ብዙዎቻችሁ በዲሽ አይታችሁት ይሆናል። ተወዳዳሪዎቹ ከቤተሰብና ከሥራ ተነጥለው አንድ ግቢ ይገባሉ። በቀን ለብዙ ሰዓታት ስፖርት ይሠራሉ፤ የሚበሉት ጥቂት ነው። አሰልጣኞቹ ጆሯቸው ሥር ይጮኻሉ። አንዳንድ ጊዜ ኬክና ጣፋጭ የሞላ ጠረጴዛ ይቀርብላቸዋል፤ የበላ ሰው በውድድሩ ብልጫ ወይም ቤቱ የመደወል ዕድል ያገኛል። በሳምንቱ መጨረሻ ከወገባቸው በላይ ያለ በቂ ልብስ ሚሊዮኖች ፊት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ጥቂት የቀነሰ ይባረራል። በመጨረሻ አንደኛ የወጣው 250 ሺህ ዶላር ይወስዳል።

ከዙሮቹ ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው በ2009 የታየው ስምንተኛው ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ተወዳዳሪዎቹ በባሕር ዳርቻ አንድ ማይል እንዲሮጡ ተደረገ። ለዓመታት ሮጠው ለማያውቁ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚመዝኑ ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለቱ ሆስፒታል ገቡ። ውድድሩ ቀጠለ። ያሸነፈው ዳኒ ኬሂል የተባለ የኦክላሆማ ሰው ነው፤ በሰባት ወር ውስጥ ከ195 ኪሎ ወደ 87 ኪሎ ገደማ ወረደ። በዚያን ጊዜ በፕሮግራሙ ታሪክ እንደ እሱ ብዙ ኪሎ የቀነሰ አልነበረም።

የቴሌቪዥኑ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ደግነቱ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠራ ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ እዚያ ላይ ማቆም አልፈለገም። ከዚያ ዙር 16 ተወዳዳሪዎች 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ ጠርቶ መዘናቸው፤ ሰውነታቸው ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለውን ኃይልም ለካ። ውጤቱ በ2016 ታተመ፤ በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ታይምስ በስፋት ዘገበው።

ቁጥሮቹ እነሆ። ተወዳዳሪዎቹ ሲጀምሩ በአማካይ 149 ኪሎ ገደማ ነበሩ። ውድድሩ ሲያልቅ 58 ኪሎ ቀንሰው ወደ 91 ወረዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ 41 ኪሎው ተመልሶ አማካዩ 132 ገደማ ሆነ። አሸናፊው ኬሂልም ወደ 134 ኪሎ ተመልሶ ነበር።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «ያው፣ ስንፍናቸው አገረሸባቸው» ሊል ይችላል። ዋናው ግኝት ግን ኪሎው አይደለም። ሰው ሲከሳ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ትንሽ ቤት ለማብራት ትንሽ መብራት ይበቃል። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው ኪሎው ሲመለስ የሚቃጠለው ኃይል አለመመለሱ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላም የተወዳዳሪዎቹ ሰውነት ለእነሱ ዕድሜና ክብደት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር የሚያቃጥለው። ኬሂል ላይ ልዩነቱ 800 ደረሰ። ይህ ማለት አንድ ሰው እንደ እሱ ከሚመዝን ጎረቤቱ ጋር እኩል ቢበላ፣ በየቀኑ የአንድ መጠነኛ ምሳ ያህል ትርፍ በሰውነቱ ይከማቻል ማለት ነው። በዚያ ላይ ረሃብ አለ። «ጠግበሃል» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ውድድሩ ሲያልቅ ከሞላ ጎደል ተሟጥጦ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞው መጠኑ አልተመለሰም።

እኛ ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። ድርቅ ያየ ገበሬ ቤት ምን ይደረጋል? ወጪ ይቀነሳል፣ ድግስ ይቀራል፣ ያለው በቁና እየተሰፈረ ይወጣል። ዝናብ ሲመለስስ? መጀመሪያ የሚሞላው ጎተራው ነው። ሰውነትም ካሜራ አያውቅም፤ የሽልማቱን ገንዘብ አያውቅም። እህል በድንገት ሲቋረጥበትና ሥራ ሲበዛበት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን መጥቷል። ክፉ ቀን ያለፈ መስሎት እንኳ ለረጅም ጊዜ አያምንም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ስለ መቀነት ቢሆንም ለዚህም ይሠራል።

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ቁጥር አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ ከተወዳዳሪዎቹ ከግማሽ በላይ፣ 57 በመቶው፣ ከመነሻ ክብደታቸው ቢያንስ አሥር በመቶ ያህሉን እንደቀነሱ ቆይተዋል። ይህን ለሐኪም ብትነግሩት «ጎበዝ!» ነው የሚለው፤ አሥር በመቶ መቀነስ ለስኳርም ለደም ግፊትም ትልቅ ነገር ነውና። የእነዚሁ ሰዎች ተከታይ ጥናት ደግሞ ክብደታቸውን ጠብቀው ያቆዩት ከሌሎቹ ይልቅ እንቅስቃሴያቸውን በብዙ የጨመሩት መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ «ምንም ብታደርጉ ዋጋ የለውም» እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው፦ 150 ኪሎ የነበረ ሰው 132 ላይ ስድስት ዓመት መቆየቱ ድል ነው፤ ያ ፕሮግራም ግን 91 ላይ አጨብጭቦለት ስለነበር 132 ውርደት ሆነበት። ሰዎቹን ውድቅ ያደረጋቸው ሰውነታቸው ብቻ አይደለም፤ የተመዘኑበት ሚዛንም ነው።

ሚዛኑ የሚጠይቀው የአንድ ሌሊት ቁጥር ነበርና ሰዎቹም ለዚያ ሌሊት ኖሩ። የመጀመሪያው ዙር አሸናፊ ራያን ቤንሰን ለመጨረሻው ሚዛን ሲል ምግብና ውኃ ከራሱ ላይ ነፍጎ ሽንቱ ደም እስኪሆን መድረሱን ኋላ በአደባባይ ተናግሯል። በ2014 ያሸነፈችው ሬቸል ፍሬድሪክሰን ከ118 ኪሎ ወደ 48 ወርዳ መድረክ ላይ ስትወጣ፣ አሰልጣኞቹ ቦብ ሃርፐርና ጂሊያን ማይክልስ ፊታቸው ላይ የታየው ድንጋጤ በመላው ዓለም ዞረ። ተመልካቹ በእሷ ላይ ጮኸ፤ «በዛ» አለ። ነገር ግን ልጅቷ ያጠፋችው ምንድን ነው? ሕጉ «ብዙ የቀነሰ ያሸንፋል» አላት፤ ብዙ ቀነሰች። የሚያስደነግጠው ሕጉ እንጂ ሕጉን ያከበረችው ልጅ አልነበረችም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ኔትፍሊክስ ስለዚሁ ፕሮግራም ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ሲያቀርብ የቀድሞ ተወዳዳሪዎችና አዘጋጆች ገና ይከራከሩበት ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነገሩን ለታላቅ እህቴ አወራኋት። እህቴ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ወፍራለች፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን እየበላሽ ነው?» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። ትናደዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ቢጀመር መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሰው ፊት መሰደቡን ለምጄዋለሁ። እዚያ ቢያንስ ይከፈለኛል» አለች።

ከጥናቱ ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተወዳዳሪ የሚያጣ ይመስላችኋል? አያጣም። ይሰለፉለታል። የሚሰለፉት ግን ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ስድቡን አስቀድመን በነጻ ስለሰጠናቸው ነው። ቴሌቪዥኑ የሚያደርገው እኛ ለቅሶ ቤትና ሰርግ ቤት የዘራነውን ማጨድ ነው።

ለፕሮዳክሽኑ ሰው በመጨረሻ መልስ ሰጠሁት። እጽፋለሁ፣ ግን ሦስት ነገር ይኑረው አልኩ። አንደኛ፣ ሐኪሙ ማንንም ከውድድር የማስቆም ሙሉ ሥልጣን ይኑረው። ሁለተኛ፣ ስድብና ጩኸት ይቅር። ሦስተኛ፣ ሽልማቱ የሚሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጤናው ተሻሽሎ ለቆየ ሰው ይሁን። ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ስለ ቴሌቪዥን የተናገረውም ልክ ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጤና ለካሜራ አይመችም። በየማታው ግማሽ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ፣ እራቱን ቀለል የሚያደርግ፣ ስኳሩን የሚለካ ሰው ስፖንሰር አያመጣም። ሥራውን ሳልወስድ ቀረሁ። ፕሮግራሙ እስካሁን አልተሠራም፤ ነገ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል።

ደግሞም ቴሌቪዥን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ለጥፎ «በ21 ቀን» የሚል ማስታወቂያ ዛሬ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሻይ ነው፣ ዱቄት ነው፣ ቀበቶ ነው። ግራ በኩል ያለው ሰው ተኮሳትሯል፣ ቀኝ በኩል ያለው ይስቃል። ሦስተኛ ፎቶ ግን የለም። ከዓመት በኋላ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የተነሣው የለም። የዚያ ሁሉ ንግድ ምሥጢር ያ ያልተለጠፈው ፎቶ ነው። ሻጩ ቆጠራውን ራሱ በመረጠው ቀን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ኪሎው ሲመለስ ጥፋቱ የገዢው ይሆናል፤ ገዢውም አፍሮ ሌላ ሻይ ይገዛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ «ሦስተኛው ፎቶ የታለ?» በሉት። ማሳየት ካልቻለ ገንዘባችሁን ያዙ። ሁለተኛው ከዚህ ይቀላል፤ በሚቀጥለው ሰርግ ወይም ለቅሶ ላይ ወፈር ያለች ዘመዳችሁን ስታገኙ ስለ ልጆቿ ጠይቋት፣ ስለ ሥራዋ ጠይቋት። ኪሎዋን እሷ ከእናንተ ቀድማ ታውቀዋለች።

ቸር ያሰማን።