የሠርጉ ሌሊትና ደብተሩ

አዲስ አበባን ያየ ሰው ሜክሲኮ አደባባይን ያውቃል። ሜክሲኮ የሩቅ አገር ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወርራ «የእኔ ናት» ስትል ብዙ መንግሥታት እሺ አሏት። ሜክሲኮ ግን እንቢ አለች። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ።

ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ዋና ከተማዋ አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟ ቴኦቲትላን ደል ባዬ ይባላል። በደቡብ ሜክሲኮ፣ ከዋሃካ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሕዝቡ ሳፖቴክ ይባላል። የራሱ ቋንቋ አለው፤ ስፓኒሽም ይናገራል። ሥራው እርሻና ሽመና ነው። ከበግ ጠጉር ምንጣፍ ይሠራሉ። ቀዩን ቀለም የሚያገኙት ቁልቋል ላይ ከምትኖር ትንሽ ተባይ ነው።

አገሩ ለገበሬ ዓይን እንግዳ አይደለም። በቆሎ አለ። በለስ አለ። በርበሬ አለ። እንዲያውም የሦስቱም ዘር የተነሣው ከዚያ አገር ነው። በቆሎን ከዱር ሣር አላምደው እህል ያደረጉት የሜክሲኮ የጥንት ገበሬዎች ናቸው። እኛ ያለ በርበሬ ወጥ አይሆንልንም፤ ከየት እንደመጣ ግን ማን ያስባል?

ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። ከመካከላችን አንዱ ስፓኒሽ ያውቃል። ምንጣፍ ስናይ የዋልንበት ቤት ባለቤት፣ «ዛሬ ማታ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው፤ ኑ» አለን። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ሣጥን ቢራ ገዝተን ሄድን።

በሩ ላይ የተቀበሉን ሚዛንና ደብተር ናቸው። አንዲት አዛውንት መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። የሙሽራው አያት ናቸው። ሰው ሁሉ ያመጣውን ያሳያል። በቆሎው ይመዘናል። ተርኪው ይመዘናል። ተርኪ ማለት ከዶሮ በጣም የሚበልጥ የቤት ወፍ ነው። እሳቸው ሁሉንም ይጽፋሉ።

ይህ ልማድ ጌላጌትሳ ይባላል። ከእኛ ወንፈል ጋር ይመሳሰላል። ዛሬ አንተ ለእኔ ድግስ 6 ኪሎ ተርኪ ብታመጣ፣ ነገ ለአንተ ድግስ 6 ኪሎ ተርኪ አመጣለሁ። ቂጣም ከሆነ ቂጣ ነው፤ መጠጥም ከሆነ መጠጥ። ብድሩ 10 ወይም 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አባት ሳይከፍል ቢሞት ልጅ ይከፍላል። ስለዚህ በየቤቱ ደብተር አለ።

ግቢው ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ሴቶች ትልልቅ ድስት ጥደዋል። ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ በሸክላ ምጣድ ይጋግራሉ። ምጣዱን ስናይ እናታችን ቤት የገባን መሰለን። ወጡ ሞሌ ይባላል። በርበሬ አለበት፤ ቸኮላትም ይገባበታል። ቸኮላት በወጥ! አንዱ ጓደኛችን ፊቱን አጨማደደ። ኋላ ግን ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ቀጥሎ መስካል መጣ። መስካል የእነሱ አረቄ ነው። ማጌ ከሚባል ተክል ይወጣል። የማጌ ቅጠል እንደ ቃጫ ተክል ረጅምና ሹል ነው። ተክሉ እስኪደርስ 7 ወይም 8 ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ቅጠሉን መልምለው እምብርቱን ያወጣሉ። በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ለቀናት ያበስሉታል። ከዚያ በፈረስ በሚጎተት ድንጋይ ይጨፈልቁታል። ከቦካ በኋላ እንደ አረቄ ያወጡታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እሳት ነው። አንድ ጎረምሳ ጠርሙስና ትንሽ ጽዋ ይዞ ይዞራል። እንቢ ማለት ነውር ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ጠብታ መሬት ላይ አፍስሰው ነው የሚጠጡት። እኛም አፈሰስን። እውነቱን ለመናገር ከጠብታ በላይ አፈሰስን።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጥሩንባ ነፊዎቹ ገቡ። ከበሮው ደረት ይመታል። ውጭ ርችት ይፈነዳል፤ ውሻው ሁሉ ይጮኻል። ጎን ለጎን ተቀምጠን መሰማማት አቃተን። ሴቶቹ በስጦታ የመጡትን ተርኪዎች ከነነፍሳቸው ታቅፈው ጨፈሩ። ለአንዱ ጓደኛችንም አንድ ተርኪ አስታቀፉት። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ወፉ ክንፉን ዘርግቶ በጥፊ አጮለው። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሳቁ ተቋረጠ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ የሙሽራውን አባት ኮት ጨምድዶ ያዘ። ጥሩንባው ቀጥ አለ። ጋባዣችን በጆሯችን ነገረን።

«አባቴ ለእኅትህ ሠርግ ሁለት ተርኪ አበድሯችኋል። ልጄን ስድር አንድ ብቻ አመጣህ። አባቴ ስለሞተ የተረሳ መሰለህ?»

«የወሰድነው አንድ ነው» አለ የሙሽራው አባት።

አግዳሚ ወንበር ወደቀ። ጠርሙስ ተሰበረ። የሁለቱም ዘመዶች ቆሙ። እኛም በሩ በየት በኩል እንደሆነ አየን። እንግዳ በሰው ጠብ መካከል ምን ይሠራል?

በዚህ ጊዜ አዛውንቷ ሌላ ደብተር ይዘው ከቤት ወጡ። ጠርዙ ያለቀ አሮጌ ደብተር ነው። አምፖሉ ሥር ቆሙ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚተነፍስ የለም።

«ሁለት ተርኪ። አንዱ 7 ኪሎ፣ አንዱ 6 ኪሎ ተኩል» አሉ። ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንድ መልሰሃል። አንድ አለብህ።»

ልጃቸው መሬት መሬት አየ። በራሱ ሠርግ ቤት፣ በእናቱ አፍ ተረታ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ እኛ መጣ። ጓደኛችን የታቀፈውን ተርኪ ወስዶ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 7 ኪሎ ተኩል ሆነ። ለሰውየው ሰጠው። አዛውንቷ ግን አልጨረሱም። እርሳሳቸውን አነሡና አንድ ኪሎ ትርፉን በሰውየው ላይ ብድር አድርገው ጻፉ። ሰውየውም ሳቀ፤ ጽዋውን ለሙሽራው አባት አቀበለው። ጥሩንባው እንደገና ጮኸ።

ኋላ ጋባዣችን እንደነገረን እናቱ 50 ዓመት እስኪሆናቸው ፊደል አልቆጠሩም ነበር። የጎረቤት ልጅ ይጽፍላቸው ነበር። አንድ ቀን በአንድ ጆንያ በቆሎ ከጎረቤት ጋር ተጣሉ። ደብተሩ እጃቸው ላይ ነበር፤ የሚለውን ግን አያውቁም። «ሰው ያነበበልኝን ማመን ሰለቸኝ» ብለው የጎልማሶች ትምህርት ገቡ። ይህችን የሁለት ተርኪ መስመር የጻፉት በራሳቸው እጅ ነው።

ሲነጋ ትኩስ ቸኮላት በዳቦ ቀረበልን። ራሳችንን እያመመን ጠጣን። ልንሰናበት ስንል አዛውንቷ ጠሩን። አዲሱን ደብተር ገልጠው አንድ መስመር አሳዩን። «1 ሣጥን ቢራ» ይላል። ከአጠገቡ ባዶ ቦታ ትተዋል። የአገራችንን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁን። ጓደኛችን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገራቸው፤ እሳቸውም ጻፉ።

«ከእናንተ ማን ነው መጀመሪያ የሚያገባው?» አሉን። «አንድ ሣጥን ቢራ አለብን።»