ከግራፊክስ ካርዱ በፊት

"ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፣ ምን ልግዛ?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ሁሉም የሚጀምሩት ከግራፊክስ ካርዱ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር።

ዕቁብ የደረሰኝ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ቃል ገብቼለት ነበር፤ ማትሪክ ተፈትኖ ሲመለስ ክረምቱን ሙሉ አብረን ኳስ ልንጫወት።

ብሩን ይዤ መርካቶ ሄድኩ። ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 ሳይ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። የበጀቴ ግማሽ እዚያው አለቀ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ሆነ፤ ባለ ስድስት ኮር ነው፣ ለመካከለኛ በጀት ይበቃል። ራም ባለ 8 ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ባለ 16 ይፈጥናሉ።

እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ስደርስ ግን ኪሴ ባዶ ሆነ። ሻጩ "ከኬሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ይበቃሃል፣ 500 ዋት ይላል" አለኝ። እኔም "ይላል" የምትለዋን ቃል ሳላስተውል ተሸክሜ ወጣሁ።

ወንድሜ ሲመለስ ማሽኑ ተሰብስቦ ጠበቀው። ሦስት ሳምንት ተጫወትን። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እንደገና ሲመጣ ከኬሱ ውስጥ ጧ! አለ። እናቴ ከጓዳ "ምንድነው የሚሸተው?" አለች። ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እኔ ወለሉን።

ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ሄደ። ካርዱ ተረፈ፤ ግን ምን ላይ ይሰካ? ያው ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ተቀይሮ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሰኔ ላይ "ተወደደ" ብዬ የተውኩትን ዕቃ፣ ማዘርቦርድ ጨምሬ፣ በአዲሱ ዋጋ መግዛት ነበረብኝ። ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። መልሼ እስክገጣጥም ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሄዷል።

ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አውርዶ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያድል ነው። ጥሩው ቮልቴጁ ሲዛነፍ ራሱን ያጠፋል። ርካሹ የመጣውን ወደ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ፦

የታወቀ ስም ያለው ግዙ። ለ3060 የሚመከረው 550 ዋት ነው፤ 650 ብትይዙ ነገ ካርድ ስትቀይሩ ያግዛችኋል። "80 ፕላስ" የሚለው ምልክት ኃይል እንደማያባክን እንጂ ዕቃችሁን እንደሚጠብቅ አይናገርም። ካርቶኑ ላይ የኦቨር ቮልቴጅ መከላከያ እንዳለው አንብቡ። ከተረፋችሁ ዩፒኤስ ጨምሩ። ካልተረፋችሁ ካርዱን አንድ ደረጃ አውርዱ እንጂ ፓወሩን አታውርዱ። ቀለል ያለ ካርድ የጌሙን ጥራት ቢቀንስ ነው። መጥፎ ፓወር ግን ጌሙንም ክረምቱንም ይወስዳል።

እናቴ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምታደርገው የፍሪጁን ሶኬት መንቀል ነው። ሲመጣም እስኪረጋጋ ትጠብቃለች። እኔ ስለ ኮምፒውተር ስንት ቪዲዮ ሳይ ከርሜ፣ ዋናውን ትምህርት የያዘችው ጓዳ ውስጥ ነበረች።